ከላንካስተር እስከ ቴነሲ፦ የረጅሙ ጠመንጃ ሠሪዎች አገር

በፔንሲልቬኒያ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ላንካስተር ካውንቲ እርሻው የለማ፣ ጎተራው የሞላ አገር ነው። በቆሎው ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ቆሟል፤ የአሚሽ ገበሬዎች በፈረስ የሚሳበውን ግራጫ ጋሪያቸውን እየነዱ ከመኪናው ጎን ይጓዛሉ። ከከተማው በስተሰሜን ላንዲስ ቫሊ የሚባል የመንደርና የእርሻ ሙዚየም አለ። ሄንሪና ጆርጅ ላንዲስ የተባሉ ወንድማማቾች የአካባቢያቸውን የጀርመን ተወላጅ ሰፋሪዎች የቤትና የእርሻ ዕቃ ሲያከማቹ ኖረው በ1925 ለጎብኚ የከፈቱት ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከማረሻውና ከሸክላው ጋር ካሰባሰቧቸው ዕቃዎች መካከል በዚሁ አገር እጅ የተሠሩ ጠመንጃዎች ይገኛሉ።

ጎብኚውን መጀመሪያ የሚያስደንቀው ርዝመታቸው ነው። ከሰደፉ ጫፍ እስከ አፉ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፤ አፈሙዙ ብቻውን ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ርዝመቱ ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ጠመንጃው ቀጭንና ለዓይን ቀላል ነው። እንጨቱ ሜፕል ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ወርቃማና ቡናማ መስመር እየተፈራረቀ ሞገድ ይሠራል። በሰደፉ ቀኝ ጎን በማጠፊያ የሚከፈት የናስ ክዳን አለ፤ በግራው፣ ተኳሹ ጉንጩን በሚያሳርፍበት በኩል፣ ስምንት ጫፍ ያለው የብር ኮከብ ተለብጧል። ኮከቡን ከእንጨቱ ጋር አብሮ የተቀረጸ ጥምዝ ቅጠል ይከበዋል። አጋዘን ለመግደል ይህን ያህል ውበት አያስፈልግም። አዳኙም ሆነ ሰፋሪው ለዚህ ጌጥ ገንዘቡን ከፍሏል፤ ሠሪውም የሳምንታት ዕድሜውን ሰጥቶታል። ይህን ማን አስተማራቸው? አንዱ መንደር ከሌላው የተለየ ጠመንጃ የሠራውስ ለምንድን ነው? ይህን ለማወቅ የሚሻ መንገደኛ ከላንካስተር ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርደውን የድሮ የሠረገላ መንገድ መከተል አለበት።

መሣሪያው በብዙ ሰው አፍ ኬንታኪ ጠመንጃ ይባላል። ስሙን ያስፋፋው በጥር 1815 ኒው ኦርሊየንስ ላይ እንግሊዞች ከተሸነፉ በኋላ የኬንታኪ አዳኞችን እያወደሰ የተዘፈነ ዘፈን ነው። በዚያ ቀን አብዛኛውን ጉዳት ያደረሰው መድፍ ሲሆን ጠመንጃው የተወለደውና በብዛት የተሠራው ደግሞ እዚህ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ነው።

ከላንካስተር በስተደቡብ አንድ ትንሽ የድንጋይ ቤት አለ። የአገሬው ትውፊት ማርቲን ሜይሊን የተባለ የስዊዝ ሜኖናይት በ1719 የመጀመሪያውን ረጅም ጠመንጃ የሠራው እዚህ ነው ይላል። ሜይሊን በ1710 ከስዊዘርላንድ ከመጡት የመጀመሪያዎቹ ሜኖናይት ሰፋሪዎች ጋር እዚህ መስፈሩ የታወቀ ነው። በቅርብ ዓመታት የሚለርስቪል ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ቦታውን ሲቆፍሩ የቀጥቃጭ ሥራ ምልክት አገኙ እንጂ ጠመንጃ ይሠራበት እንደነበረ የሚያረጋግጥ ማስረጃ አላገኙም። ትውፊቱን አጥብቀው ለያዙት የአካባቢው ሰዎች ይህ ደስ የሚል ዜና አልነበረም። እንዲህ ያለ ዕቃ ግን አንድ አባት ብቻ ይኖረዋል ብሎ መጠበቅም ልክ አይደለም። ከራይን ወንዝ ዳርቻ፣ ከቱሪንጂያና ከስዊዘርላንድ የመጡ ብዙ ባለእጆች በአንድ ዘመን፣ በአንድ አካባቢ፣ ለአንድ ዓይነት ደንበኛ ሲሠሩ ነው የተገኘው።

ሜኖናይቶቹ በሰው ላይ መሣሪያ ማንሣትን የሚከለክል እምነት ያላቸው ሕዝብ ናቸው፤ ጠመንጃ የሚይዙት ለአደን ብቻ ነው። የላንካስተር ሜኖናይቶች ስም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በ1940ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ ላይ በሆስፒታል ያገለገሉት፣ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ከሥራቸው የተገኘችው ሚስዮናውያን የተላኩት ከዚሁ ካውንቲ ከሚገኘው ጽሕፈት ቤት ነበር።

ባለእጆቹ ከአውሮፓ ይዘውት የመጡት ዬገር የሚባለውን የጀርመን አዳኞች ጠመንጃ ነው። አጭር፣ ወፍራምና ከባድ ነበር፤ አረሩም ትልቅ ነው። በጌታው ደን ውስጥ ከቅርብ ርቀት ከርከሮ ለሚያድን ሰው ጥሩ መሣሪያ ነበር። የአሜሪካው አዳኝ ኑሮ ግን ሌላ ነው። ለወራት ጫካ ውስጥ ይቆያል፤ ባሩዱንና እርሳሱን በጀርባው ተሸክሞ ይሄዳል፤ ሲያልቅበት የሚገዛበት ሱቅ የለም። ሠሪዎቹም አረሩን አሳነሱት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ አረር 20 ግራም ያህል ስለሚመዝን ከአንድ ኪሎ እርሳስ 50 ይወጣል፤ ውፍረቱ ወደ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ከወረደ ግን ያው አንድ ኪሎ 110 ያህል ይሰጣል። አፈሙዙ ሲረዝም ደግሞ ባሩዱ ነድዶ አረሩን ለመግፋት ጊዜ ያገኛል፤ የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያም ስለሚራራቁ ዓይን ስሕተቱን ቶሎ ያያል። ከ1720ዎቹ እስከ 1770ዎቹ ባለው ጊዜ ጠመንጃው እንዲህ እየረዘመና እየቀጠነ ሄደ።

የዒላማው ምሥጢር ያለው አፈሙዙ ውስጥ ነው። በውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተጠማዘዙ የሚሄዱ ቦዮች ተቆርጠዋል፤ ብዙውን ጊዜ ሰባት ናቸው። አረሩ በቅባት በራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይገባል፤ ሲተኮስ ጨርቁ ቦዮቹን ይዞ አረሩን ያሽከረክረዋል፤ የሚሽከረከር አረርም መንገዱን አይስትም። የወታደሩ ልሙጥ ጠመንጃ ከመቶ ሜትር በላይ ሰው ለመምታት ዕድል ይፈልጋል። ጥሩ ተኳሽ በዚህኛው ከሁለት መቶ ሜትር አልሞ ይመታል።

እነዚያን ቦዮች ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ማሽን እንዴት እንደቆረጧቸው ማየት የሚፈልግ ሰው ቨርጂኒያ ውስጥ ወደሚገኘው ወደ ኮሎኒያል ዊሊያምስበርግ ይሂድ። በ1960ዎቹ ዋላስ ገስለር የተባለ ወጣት ባለእጅ እዚያ ተቀጥሮ የጠፋውን ሙያ ከአሮጌ ዕቃዎች እያጠና መልሶ አቆመው፤ አፈሙዙን፣ ቃታውን፣ ናሱን፣ እንጨቱን፣ ብሎኑን ጭምር በገዛ እጁ ሠርቶ ሙሉ ጠመንጃ አወጣ። ሥራው በ1969 በፊልም ተቀርጿል። ከእሱ ቀጥሎ የመጡ ባለእጆችም እዚያው ሱቅ ውስጥ በሕዝብ ፊት ሲሠሩ ኖረዋል።

ሥራው የሚጀመረው ከአንድ ረጅም ዝርግ ብረት ነው። ወናፉ እየተነፋ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ይግላል፤ በቀጭን ዘንግ ዙሪያ ይጠቀለልና ጠርዝና ጠርዙ በመዶሻ ይጣበቃል። በአንድ ግለት የሚጣበቀው ጥቂት ጣት ብቻ ነው። ዘንጉ ከብረቱ ጋር አብሮ እንዳይጣበቅ ቶሎ መውጣት አለበት፤ ብረቱ ቢቀዘቅዝ አይያያዝም፣ ከመጠን በላይ ቢግል ይቃጠላል። ስለዚህ አንዱ ይዞ ሌላው ይመታል፤ ሁለቱ ሰዎች ቃል ሳይለዋወጡ በመዶሻው ምት ብቻ መግባባት አለባቸው። አንዲት ቦታ ሳትጣበቅ ከቀረች ጠመንጃው አንድ ቀን በባለቤቱ ፊት ላይ ይፈነዳል። ከዚህ በኋላ ቱቦው በውስጡ ደጋግሞ ይበሳል፤ ይሰፋል፤ በውጭ ስምንት ጎን እስኪኖረው በሞረድ ይስተካከላል። ቀጥ ማለቱ የሚታወቀው በውስጡ ክር ተወጥሮ ነው፤ ባለእጁ በአንዱ ጫፍ ዓይኑን አድርጎ ክሩ ከብረቱ የራቀበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ባገኘም ጊዜ በመዶሻ ያቃናዋል።

ቦዮቹን የሚቆርጠው መሣሪያ ደግሞ አብዛኛው እንጨት ነው። ወፍራም ግንድ በላዩ ላይ ጠመዝማዛ መስመር ይቀረጽበታል፤ ግንዱ በቆመ ማቀፊያ ውስጥ ሲገፋና ሲሳብ መስመሩን ተከትሎ ለመዞር ይገደዳል። ጫፉ ላይ የታሰረው ዘንግ አፈሙዙ ውስጥ ይገባል፤ በዘንጉ ላይ የመጋዝ ጥርስ የምታህል ብረት ተሰክታለች። እያንዳንዱ ጉተታ ከፀጉር የቀጠነ ብረት ይልጣል። ሰባቱም ቦይ በየተራ ከተላጨ በኋላ ከጥርሷ ሥር ቁራጭ ወረቀት ይደረጋል፤ ጥርሷ ወረቀቷን ያህል ከፍ ትላለች፤ ሥራውም እንደገና ይጀመራል። ይህ እስከ ቦዮቹ ሙሉ ጥልቀት ይደጋገማል። አንድ ጠመንጃ በመቶዎች የሚቆጠር የሥራ ሰዓት ይፈልጋል ሲባል ማጋነን እንዳልሆነ እዚህ የቆመ ሰው ይገባዋል።

ሁሉም ባለእጅ ሁሉንም አልሠራም። ሬዲንግ አጠገብ በዋዮሚሲንግ ጅረት ላይ አፈሙዝ የሚሠሩ የውሃ ወፍጮዎች ነበሩ፤ ብዙ ሠሪዎች ከዚያ ይገዙ ነበር። ባልጩቱን መትቶ እሳት የሚያስነሣው የቃታው መሣሪያ ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝ ከበርሚንግሃም ወይም ከጀርመን በመርከብ ይመጣ ነበር። የሠሪው የራሱ እጅ የሚታየው በእንጨቱ ቅርጽ፣ በናሱ ክዳንና በቅርጻ ቅርጹ ነው። የየአካባቢው ልዩነትም የሚነበበው እዚሁ ላይ ነው።

በላንካስተር የጀመረው መንገደኛ ዓይኑን መጀመሪያ የሚያስለምደው በያዕቆብ ዲከርት ሥራ ነው። ዲከርት በ1740 ጀርመን ማይንትስ ውስጥ ተወለደ፤ ልጅ ሳለ ከቤተሰቡ ጋር ባሕር ተሻገረ፤ ላንካስተር ላይ ሠርቶ በ1822 ሞተ። የላንካስተር ሰደፍ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ላዩም ታቹም እንደ ተሰመረ ይሄዳል። የናሱ ክዳን አናት ብዙውን ጊዜ የአበባ ቅርጽ አለው። የዲከርት ጠመንጃ ከአገር አገር ዝናው ስለናኘ ርቀው የሚኖሩ የተራራ ሰዎች ስሙን በገዛ አጠራራቸው እያጣመሙ ጥሩ ጠመንጃን ሁሉ በእሱ ይጠሩ ነበር።

ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ሬዲንግና ወደ ሊሃይ ሸለቆ ሲታለፍ መስመሩ ይታጠፋል። ሰደፉ ከላይ ጎበጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሰብሳቢዎች የሮማዊ አፍንጫ ይሉታል። በአለንታውን ዙሪያ ሄርማን ሩፕ፣ ፒተር ናይሃርት፣ ያዕቆብ ኩንትስ የመሳሰሉት የሠሩት ጠመንጃ ወገቡ የሰላ ነው፤ ከቃታው ጠባቂ አጠገብ ከታች በኩል የሰው ጭንቅላት ምስል ተቀርጾበት ይገኛል፤ አንዳንዱ የነጻነት እመቤት ናት ይላል፣ ሌላው የአገሬው ተወላጅ ሕንዳዊ ነው ይላል። ከላንካስተር እስከ አለንታውን ዛሬ በመኪና ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ኢትዮጵያ ውስጥ ስፌት የምታውቅ ሴት መሶቡን አንድ ጊዜ አይታ የሐረር ነው ወይም የጎንደር ነው እንደምትለው ሁሉ፣ ይህን ሥራ የለመደ ሰው ስም ያልተጻፈበትን ጠመንጃ አንሥቶ አገሩን ይናገራል።

ልዩነቱን የፈጠረው ሕግ ወይም ማኅበር አይደለም። በአውሮፓ ከተሞች የነበረው የባለእጆች ማኅበር እዚህ ሥር አልሰደደም። የፈጠረው የማስተማር መንገድ ነው። ልጁ በአሥራ አራት ዓመቱ ገደማ በውል ለጌታው ይሰጣል፤ እስከ ሃያ አንድ ዓመቱ እዚያው ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሠራል። የጌታውን የእንጨት ናሙና ተከትሎ ይቆርጣል፤ የጌታውን የናስ ቅርጽ ይገለብጣል። ሲጨርስ ብዙ ጊዜ በአካባቢው ሱቅ ይከፍታል፤ የጌታውን ልጅ የሚያገባም አለ። ጎረቤቱም ጠመንጃ ሲያዝዝ የአባቱን ዓይነት ይፈልጋል። ሁለት ትውልድ እንዲህ ካለፈ አንድ ካውንቲ የራሱ እጅ ይኖረዋል።

ከሊሃይ ወንዝ በስተሰሜን ናዝሬትና ቤተልሔም የሚባሉ ከተሞች አሉ። የመሠረቷቸው ሞራቪያን የሚባሉ፣ ከጀርመን የመጡ የወንጌል ወንድማማቾች ናቸው። ከናዝሬት አጠገብ ያላገቡ ወንዶች በማኅበር እየኖሩ የሚያርሱበትና ሙያ የሚማሩበት ክርስቲያንስ ስፕሪንግ የተባለ ሰፈር ነበራቸው። የጠመንጃ ሱቁን የመራው አንድሬያስ አልብሬክት በጀርመን ታዋቂ የመሣሪያ አገር በሆነው በዙል አቅራቢያ የተወለደ ሰው ነው፤ በ1750 ቤተልሔም ደረሰ። ከእሱ የተረከበው ደቀ መዝሙሩ ክርስቲያን ኧርተር በ1774 እና በ1775 ስሙንና ዓመቱን የጻፈባቸው ጠመንጃዎች ዛሬ ጥናቱ የሚደገፍባቸው ምሰሶዎች ናቸው፤ ዓመት ያልተጻፈባቸው ብዙ ሥራዎች የሚለኩት በእነሱ ነው። ኧርተር በ1777 ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። የዚህ ማስታወሻ ጸሐፊ ካያቸው ስሞች ሁሉ ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው እሱ ነው ብሎ ያምናል።

ከዚያው ሱቅ የሄንሪ ቤተሰብ ታሪክ ይቀጥላል። የላንካስተሩ ዊሊያም ሄንሪ ለእንግሊዝ ዘመቻዎች መሣሪያ ሲጠግን የኖረ ባለእጅና የአገር ሰው ነበር። ልጁን ሙያ እንዲማር ወደ አልብሬክት ላከው፤ የልጅ ልጁ ደግሞ ከናዝሬት አቅራቢያ ቦልተን በተባለ ቦታ ፋብሪካ አቋቁሞ ለአሜሪካ የፀጉራም ቆዳ ንግድ ኩባንያ ጠመንጃ ያቀርብ ነበር። ዛሬ እዚያው የቤተሰቡ መኖሪያ ውስጥ የፔንሲልቬኒያ ረጅም ጠመንጃ ሙዚየም አለ።

ናዝሬት የደረሰ ኢትዮጵያዊ ሳያይ የማያልፈው ሌላም ነገር አለ። በሞራቪያን ታሪክ ማኅበር ሙዚየም ውስጥ ጆን አንቴስ በ1759 ቤተልሔም ላይ የሠራው ቫዮሊን ተቀምጧል። አንቴስ ከነአልብሬክት ጋር የአንድ ማኅበር ወንድም ነበር። በ1770 ሚስዮናዊ ሆኖ ካይሮ ገባ። ሞራቪያኖች ካይሮ የሰፈሩት ኢትዮጵያ ለመግባት ሲሉ ነው፤ ሆከር የተባለ ሐኪማቸው ቀደም ብሎ ሞክሮ ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ተሰብሮበት ተመልሷል። አንቴስም አልሆነለትም። ያገኘው ከጎንደር ተመልሶ በ1773 ካይሮ የደረሰውን ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስን ብቻ ነው።

ወደ ላንካስተር መሐል ከተማ የሚመለስ መንገደኛ ፉልተን ቲያትር ፊት ቆም ማለት አለበት። ቲያትሩ በ1852 የታነጸው በአሮጌው እስር ቤት መሠረት ላይ ነው። በታኅሣሥ 1763 ፓክስተን ቦይዝ የተባሉ የድንበር ሰፋሪዎች ኮንስቶጋ በተባለው መንደር ስድስት ሰላማዊ ሕንዳውያን ገደሉ። የተረፉትን አሥራ አራት ሰዎች ባለሥልጣናቱ ለጥበቃ ብለው እዚህ አስገቧቸው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ገዳዮቹ መጥተው ሕፃናቱን ጭምር ጨረሷቸው። አንድም ሰው አልተቀጣም። በ1782 ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ የፔንሲልቬኒያ ሚሊሻ ሞራቪያን ክርስቲያን የሆኑ 96 ዴላዌር ሕንዳውያንን ፈጀ። ሕንዳውያኑ ራሳቸው የእነዚህ ሱቆች ደንበኞች ነበሩ፤ የአጋዘን ቆዳ አምጥተው ጠመንጃ ይወስዳሉ፤ የተሰበረውን በቤተልሔም ያስጠግናሉ። ገሌሌመንድ የተባለው የዴላዌር አለቃ ሲጠመቅ የጠመንጃ ሠሪውን የዊሊያም ሄንሪን ስም ወስዷል። ይህ ሁሉ ተደርጎ መሬታቸው ተወሰደ። የሜፕሉን ውበት የሚያደንቅ ሰው ይህንንም አብሮ ማወቅ አለበት፤ አንዱን ከሌላው ነጥሎ የሚያቀርብ ሙዚየም ሥራውን ግማሽ ብቻ ሠርቷል።

አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ ስለወጣችበት ጦርነት ብዙ ተጽፏል፤ እዚህ አጭር ቃል ይበቃል። ሰኔ 14 ቀን 1775 ኮንግረሱ ከፔንሲልቬኒያ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ አሥር የተኳሾች ሻምበል እንዲቋቋም ወሰነ። ጠመንጃው ለመጉረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ሳንጃም አይሰካበትም፤ ስለዚህ ጦርነቱን ብቻውን አላሸነፈም። ጠላትን ማስፈራቱ ግን እውነት ነው። ጆርጅ ሃንገር የተባለ የእንግሊዝ መኮንን በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ እሱና ባልደረባው ታርልተን ጎን ለጎን በፈረስ ቆመው ሳሉ አንድ አሜሪካዊ 365 ሜትር ከሚሆን ርቀት ተኝቶ እንደተኮሰባቸው፣ አረሩም በመካከላቸው አልፎ የኋላቸውን የመለከት ነፊ ፈረስ እንደገደለ ጽፏል።

ከላንካስተር ወጥተው የሱስኩዌሃናን ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ታላቁ የሠረገላ መንገድ በዮርክ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል። መሬት የጠበበባቸው የጀርመንና የስኮትላንድ-አየርላንድ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ጭነው በዚህ መንገድ ተጓዙ፤ ሠሪዎቹም አብረው ወረዱ። ሃኖቨር ላይ ጆርጅ ሽራየር ሰደፉን ከእንጨቱ ከፍ ብሎ በወጣ ጥምዝ ቅርጽ አስጌጠ። ከሜሪላንድ ድንበር ማዶ ኤሚትስበርግ ላይ ጆን አርምስትሮንግ የሠራቸው በጥራታቸው እንከን የማይገኝባቸው ናቸው። ወደ ምዕራብ ተራሮች ታጥፎ ቤድፎርድ የሚሄድ ሰው ሠሪዎቹ ጠመንጃውን እስከ ጽንፍ እንዳቀጠኑት፣ የቃታውን የብረት ሰሌዳ እንኳ እንዳሾሉት ያያል።

በሸናንዶዋ ሸለቆ የዛሬው 11 ቁጥር አውራ ጎዳና በአመዛኙ ያንኑ የሠረገላ መንገድ ይከተላል። ዊንቸስተር የሳይመን ላውክ ከተማ ናት። ላውክ የሚሠራውን ጠመንጃ ራሱ ተሸክሞ የዘመተ ሰው ነው፤ በ1775 ከአሥሩ የተኳሾች ሻምበሎች አንዱ ከሆነው ከዳንኤል ሞርጋን ሻምበል ጋር ወጥቷል፤ ሻምበሉ ወደ ቦስተን 960 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በ21 ቀን በእግር ጨረሰ።

በሰሜን ካሮላይና ሌላ የሞራቪያን ከተማ ትጠብቃለች፤ ሳሌም። እዚህ ክሪስቶፍ ቮግለር ጠመንጃ ሠራ፤ የወንድሙ ልጅ ጆን ሙያውን ከእሱ ተማረና ወደ ብር አንጥረኛነት ዞሮ በዚያ ስሙን ተከለ። ሌላው የቤተሰቡ አባል ቲሞቲ ቮግለር በ1831 የሠራው የጠመንጃ ሱቅ ዛሬም በኦልድ ሳሌም ዋና መንገድ ላይ ቆሞ ይጎበኛል።

ከዚያ ማዶ፣ በምሥራቅ ቴነሲና በካሮላይና ተራሮች፣ ናሱ ይጠፋል። የተራራው ሰው ጠመንጃ መግጠሚያው ሁሉ ብረት ነው፤ ብዙው ክዳንም ኮከብም የለውም፤ በሰደፉ ውስጥ ለጨርቁ ቅባት የሚቀመጥበት ጉድጓድ ብቻ ይቆፈርበታል። በ1769 ዋታውጋ ወንዝ ዳር ከሰፈረው ከዊሊያም ቢን ቤት የወጡ ልጆችና የልጅ ልጆች የዚህ ዓይነቱ ሥራ ጌቶች ሆኑ። አንዳንድ ሰብሳቢ እነዚህን የድሃ ጠመንጃዎች ብሎ ዝቅ ያደርጋቸዋል። ፍርዱ ትክክል አይደለም። ናስ ከሩቅ በገንዘብ የሚመጣ ነው፤ ብረቱ ከተራራው ይወጣል፣ ቀጥቃጩም አለ። የቢን ቤተሰብ ጠመንጃ የጀርባው መስመር ከየትኛውም የላንካስተር ሥራ አያንስም፤ ጌጥ ስለሌለውም ስሕተቱን የሚሸፍንበት ነገር የለውም።

ሙያው ቀስ በቀስ ከሰመ። ባልጩቱ በ1820ዎቹና በ30ዎቹ ሲመታ እሳት ለሚሰጠው ትንሽ የብረት ቆርኪ ቦታውን ለቀቀ፤ ሜዳ ላይ በፈረስ ለሚያድኑ ሰዎች አጠር፣ ወፈር ያለ መሣሪያ ተፈለገ። ይህን በሴንት ሉዊስ የሠሩላቸው ያዕቆብና ሳሙኤል ሃውከን የሜሪላንዷ ሄገርስታውን ጠመንጃ ሠሪ ልጆች ነበሩ፤ የአባታቸውን እጅ ይዘው ነው ወደ ምዕራብ የሄዱት። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የፋብሪካው ጠመንጃ ሁሉንም ዋጠ።

ሠሪዎቹ በየካውንቲያቸው ተለይተው እንዲታወቁ ካደረጉት ሰዎች ዋናው ጆ ኪንዲግ ነው፤ ረጅም ጢም ያሳደገ፣ ሥጋ የማይበላ፣ የዮርክ ከተማ የጥንት ዕቃ ነጋዴ። ከእሱ በፊት ካፒቴን ዲሊን በ1924 ስለ ጠመንጃው መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። ኪንዲግ በ1960 ያሳተመው ግን ዕድሜውን ሙሉ ያጠናቸውን ጠመንጃዎች በየአካባቢያቸው ከፋፍሎ ያቀረበ ነው። እሱ ባይደክም ዛሬ ብዙዎቹ ስሞች በአፈሙዝ ላይ የተጻፉ ፊደላት ብቻ ሆነው ይቀሩ ነበር።

በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖር አንባቢ ላንካስተር ለመድረስ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል፤ ናዝሬት ከዚያ ሁለት ሰዓት አይርቅም፤ ዊንቸስተር ደግሞ ወደ ሌላው አቅጣጫ አንድ ሰዓት ተኩል ናት። ልጆች ይዞ መሄድ ይቻላል። የሙዚየም መግለጫዎች ብዙ ጊዜ የሚያወሩት በጠመንጃው ስለተኮሰው ጀግና ነው። ጎብኚው ግን ጎንበስ ብሎ የአፈሙዙን የላይኛ ገጽ ይመልከት፤ የሠሪው ስም ካለ የሚገኘው እዚያ ነው።